ቃላትን ማን መዘገባቸው?

ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች!

ዛሬ ስለ መዝገበ ቃላት እንጫወታለን። መዝገበ ቃላት ማለት ቃላት ከነፍቻቸው የተጻፉበት መጽሐፍ ነው። ታዲያ ማን ጻፋቸው?

መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የሚባሉ ሊቅ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጀመሩ። ሳይጨርሱት ሥራውን ለተማሪያቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ አሉ። አለቃም ብዙ ዘመን ደከሙበት። ግን መጽሐፉ ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራው ለደስታ ተክለ ወልድ ደረሰ። እሳቸው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ሦስት ሰው፣ አንድ መጽሐፍ! ደስታ በዚህ አላበቁም፤ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ።

«ይኼ የሊቃውንት ነገር ለኔ ምኔ ነው?» ትሉ ይሆናል። ቆዩ እስቲ! ሞፈሩን፣ ድግሩን፣ እርፉን በየስሙ የሚጠራው ማነው? ገበሬው አይደለም? ድርና ማግን የሚለየውስ? ሸማኔው ነዋ! ቋንቋ የሚያጠና ሰው ብዙውን ቃል የሚያገኘው ከእናንተ አፍ ነው። ጠይቆ የሚጽፈው ከጠፋ፣ ቃሉ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

የአለቃ ኪዳነ ወልድን መጽሐፍ ስትከፍቱ እንዳትደነግጡ፤ ፊደሉ በሀ አይጀምርም። አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ ይሄዳል።

ቃላትም እንደ ሰው ዘመድ አላቸው። ሰባራ፣ ስብራት፣ መስበሪያ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁሉም «ሰበረ» ከሚለው ይወለዳሉ። እስቲ ደብተራችሁን አውጡና «ጻፈ» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ ጸሐፊ፣ ጽሕፈት፣ መጽሐፍ በሉ። የቀሩትን ዘመዶች ራሳችሁ ፈልጉ።