ደንበኞችን ይዞ ስለ መዛወር፤ ያልተማከሉ ማኅበራዊ መገናኛዎች ለነጋዴ የሚሰጡት መብትና የሚያሸክሙት ኃላፊነት

አንድ ነጋዴ ሱቁን ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር ሲያዛውር ዕቃውን በጭነት መኪና አስጭኖ፣ ሰሌዳውን ከበሩ ላይ አውልቆ፣ ሚዛኑንና መዝገቡን ይዞ ይሄዳል። የደንበኞቹ እግር ግን በመኪና አይጫንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንግድ መደብር ዋናው ክፍል መልካም ዝናው መሆኑን፣ የዚህም ዝና ዋጋ የሚለካው ከመደብሩ ዕቃ ወይም አገልግሎት ሊፈልጉ ከሚችሉ ሰዎች ጋር ባለው ግንኙነት መሆኑን ደንግጎ ነበር። ስለ ነጋዴዎችና ስለ ንግድ መደብር የሚናገረው የዚያ ሕግ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዲስ የንግድ ሕግ ተተክቷል፤ ቁም ነገሩ ግን ዛሬም በነጋዴው ፊት የቆመ ነው፤ ዛሬ ይህ ግንኙነት ከመንገድ ዳር ይልቅ በማኅበራዊ መገናኛ ገጽ ላይ ይገኛልና።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ስሙን በማልጠቅሰው በአንድ ትልቅ መገናኛ ላይ የነበረው የአሠሪዬ የቅመማ ቅመም ንግድ ገጽ፣ ምክንያቱ ሳይነገረን አንድ ቀን ጧት ተቈልፎ አገኘሁት። ለዘጠኝ ቀናት እንደ ተዘጋ ቈየ። የክፍለ ሀገር ደንበኞቻችን ስልክ ቍጥር የሚገኘው በዚያው ገጽ መልእክቶች ውስጥ ስለነበረ፣ ችግሩን ደውዬ ላስታውቃቸው እንኳ አልቻልኩም። ጥፋቱ በከፊል የኔ ነው፤ ቍጥራቸውን ወደ መዝገብ መገልበጥ የጸሐፊው ሥራ ነበረ። ገጹ በተከፈተ ጊዜ አሠሪዬ «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች የኔ ደንበኞች ናቸው ወይስ የባለ ሕንፃው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ስፈልግ የተገኘ ነው።

ትልልቆቹ የመገናኛ ድርጅቶች ገበያውንም፣ ሱቁንም፣ የሱቁንም ቁልፍ በአንድ እጅ የያዙ ናቸው። ከነዚህ የተለዩ «ያልተማከሉ» የሚባሉ መገናኛዎች ግን ከተፈጠሩ ዓመታት አልፈዋል። (የውጭ አገር ነገር ሲወሳ ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን ሕግ ሲጠቀስ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን።) በሰፊው ከታወቁት አንዱ ኦይገን ሮችኮ የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ በጀርመን አገር በ2016 ያወጣው ማስቶዶን ነው። ማስቶዶን አንድ ቤት አይደለም፤ በልዩ ልዩ አገር፣ በልዩ ልዩ ሰዎች የሚተዳደሩ በሺህ የሚቈጠሩ ሰርቨሮች አክቲቪቲ ፐብ በተባለ የጋራ ደንብ የሚነጋገሩበት መረብ ነው። ይህንንም ደንብ የድርን የሥራ ደረጃዎች የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2018 አጽድቆታል። ነገሩን በፖስታ ቤት ልንመስለው እንችላለን፤ አንዱ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በሐረር የፖስታ ሣጥን ቢከራይ ደብዳቤ ከመላላክ የሚያግዳቸው የለም፤ ያንዱ ፖስታ ቤት አገልግሎት ያልተስማማውም ወደ ሌላው መሄድ ይችላል።

ነገር ግን ሲሄድ ምን ይዞ ነው የሚሄደው? በማስቶዶን ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ የሚዛወር ሰው በአዲሱ አካውንት ላይ የቀድሞውን አድራሻ ያስመዘግባል፤ ከዚያም ከአሮጌው ሆኖ የመዛወሩን ትእዛዝ ይሰጣል። ይህ ሲደረግ ተከታዮቹ ራሳቸው ምንም ሳይደክሙ ወደ አዲሱ ቤት ይሻገራሉ። እሱ የሚከተላቸውንና ያገዳቸውን ሰዎች ዝርዝር ደግሞ በፋይል አውርዶ በአዲሱ ቤት ያስገባል። የጻፋቸው ጽሑፎችና የለጠፋቸው ሥዕሎች ግን አብረውት አይሄዱም። በማኅደር መልክ አውርዶ ማስቀመጥ ይችላል፤ በአዲሱ ገጽ ላይ መልሶ መደርደር ግን አይችልም። እንግዲህ የሦስት ዓመት የዋጋ ማስታወቂያ፣ የናሙና ፎቶግራፍና የደንበኞች ምስጋና በአሮጌው ቤት ይቀራል ማለት ነው። አንድ ጊዜ የተዛወረም ዳግመኛ ለመዛወር 30 ቀን መጠበቅ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው፣ የመዛወሩ ትእዛዝ የሚሰጠው አሮጌው ሰርቨር በሥራ ላይ እያለ መሆኑ ነው። ሞዚላ የተባለው ድርጅት የማስቶዶን ሰርቨሩን እንደሚዘጋ በሴፕቴምበር 2024 አስታውቆ በዲሴምበር 17 ዘጋ፤ ተጠቃሚዎቹ ሦስት ወር አግኝተዋል። በማስቶዶን ይፋ ዝርዝር ላይ የሚገቡ ሰርቨሮችም ከመዝጋታቸው በፊት ቢያንስ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ለመስጠት ቃል ይገባሉ። ሁሉም ግን እንዲህ አይታደልም። በፌብሩዋሪ 2024 የዶሜን ስሙን በአፍጋኒስታን የሀገር መለያ ሥር ያስመዘገበ አንድ ሰርቨር፣ በዚያ ያለው የታሊባን አስተዳደር ስሙን ስላገደበት በቀድሞ አድራሻው የማይገኝ ሆነ። ኮምፒዩተሩ አልተነካም፤ የተወሰደው ስሙ ብቻ ነበረ። በዚህ መረብ የተጠቃሚው አድራሻ ከሰርቨሩ ስም ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ግን ስም ሲሄድ ሁሉ ይሄዳል።

ብሉስካይ የተባለው መገናኛ ይህን ጉድለት ለማረም የተነሣ ነው። የሐሳቡ ጅማሬ በ2019 ሲሆን፣ ለማንም ሰው ያለ ጥሪ የተከፈተው በፌብሩዋሪ 2024 ነው። በዚያ የተጠቃሚው ማንነት ከሚያድርበት ሰርቨር ተለይቶ የሚኖር ቋሚ መለያ አለው፤ ጽሑፎቹም ሳይቀሩ ይዛወራሉ፤ ነጋዴውም የራሱን የዶሜን ስም እንደ ገጹ መጠሪያ አድርጎ መጠቀም ይችላል። ሆኖም የመለያዎቹን ማውጫ ያቋቋመው ያው ኩባንያ ከመሆኑም በላይ፣ አብዛኛው ተጠቃሚ የሚያድረው በራሱ በኩባንያው ሰርቨሮች ላይ ነው። ኖስተር የተባለው ሦስተኛው መንገድ ደግሞ ማንንም ባለ ቤት አያውቅም፤ ማንነት ማለት አንድ የምሥጢር ቁልፍ ብቻ ነው። ቁልፉ የጠፋበት ሰው አቤት የሚልበት ቢሮ የለም። ጸሐፊውም፣ ልጁም፣ ሽርካውም የሚነካካው የሱቅ ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ ማስቀመጥ ለኔ አይታየኝም።

ሕግስ ምን ይላል? የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ ሲሠራ፣ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው የሰጠውን የግል መረጃ በኮምፒዩተር ሊነበብ በሚችል መልክ እንዲቀበልና ወደ ሌላ እንዲያሻግር መብት ሰጥቶታል። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ይህንኑ መብት አውቆታል። ነጋዴ ግን አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል፤ የአውሮፓው አንቀጽ መብቱን የሰጠው ለሰው እንጂ ለንግድ ማኅበር አይደለም፤ የሌላውንም ሰው መብት ሊነካ እንደማይገባ ደንግጓል። የደንበኛው ስምና ስልክ የደንበኛው እንጂ የነጋዴው ንብረት አይደለም። አሠሪዬ ይህን ባስረዳኋቸው ጊዜ ብዙም ደስ አላላቸውም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የማንነት ምሥጢር ጉዳይ ለላኪዎችና ለአስመጪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስብ ይመስለኛል። ቡና ላኪ የሆነ ሰው ገዢዎቹ እነማን እንደሆኑ ለተወዳዳሪው ጮኾ አይናገርም። በብሉስካይ ግን ማን ማንን እንደሚከተል ለማንም የሚታይ ነው፤ ሊሸሸግም አይችልም። በማስቶዶን ተጠቃሚው ይህን ዝርዝር ከገጹ ላይ መሰወር ይችላል፤ አስቀድሞ ካላዘዘ ግን ይታያል። ሁለተኛም፣ በማስቶዶን በግል የሚላከው መልእክት ከላኪው እስከ ተቀባዩ በምሥጢር የተቈለፈ ስላልሆነ የሁለቱም ወገን ሰርቨር አስተዳዳሪዎች ቢፈልጉ ሊያነቡት ይችላሉ። የመርከብ ሰነድና የባንክ ሒሳብ ቍጥር በዚህ መንገድ መላክ በክፍት ፖስት ካርድ ከመጻፍ አይለይም። ሦስተኛም፣ የተሰረዘ ጽሑፍ ከሌሎች ሰርቨሮች ሁሉ ላይ ለመጥፋቱ ዋስትና የለም፤ የሚተላለፈው የመሰረዝ ጥያቄ ነው፤ መፈጸሙ በየቤቱ ባለቤት እጅ ነው። በሜይ 2023 በአሜሪካ ፖሊሶች ከመረቡ ጋር ባልተያያዘ ጉዳይ የአንድ ሰርቨር አስተዳዳሪን ቤት ሲፈትሹ፣ የሰርቨሩ መዝገብ ሳይቈለፍ የተገለበጠበትን ኮምፒዩተር ይዘው ሄደዋል፤ በውስጡም የተጠቃሚዎቹ ኢሜይልና የግል መልእክት ነበረ። እነዚያ ሰዎች በጉዳዩ ምንም እጅ አልነበራቸውም።

«እንግዲያው የራሴን ሰርቨር አቋቁማለሁ» የሚል ነጋዴ ከተከራይነት ወደ አከራይነት መሸጋገሩን ይወቅ። በአሜሪካ በ1996 የወጣው ሕግ ሌላ ሰው በጻፈው ነገር ባለ ሰርቨሩ እንደ አሳታሚ እንዳይቈጠር ይጠብቀዋል፤ በድርሰት መብት በኩል ግን የ1998ቱን ሕግ ከለላ የሚፈልግ አስተዳዳሪ አቤቱታ የሚቀበል ወኪል ማስመዝገብ አለበት፤ ክፍያውም ለሦስት ዓመት 6 ዶላር ነው። በአውሮፓ ከፌብሩዋሪ 17 ቀን 2024 ጀምሮ በሙሉ የሚሠራበት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ባለ ሰርቨሩን ሕገ ወጡን ነገር እስካላወቀ ድረስ ተጠያቂ አያደርገውም፤ ካወቀ ግን ፈጥኖ ማንሣት አለበት። በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪው በቀጥታ ከተሳተፈ ወይም እያወቀ ካላነሣ በወንጀል ይጠየቃል ይላል። ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ የወጣው አዋጅ ቍጥር 1185/2012 ደግሞ የማኅበራዊ መገናኛ አገልግሎት ሰጪዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዛል። እሑድ ጧት የሚመጣን ጥቆማ ማን ይቀበላል? ስለዚህ የራሱን ሰርቨር የሚያቋቁም ነጋዴ ለድርጅቱ ሠራተኞች ብቻ ቢከፍትና እንግዳ ባያስመዘግብ ይሻለዋል። እንዲህም ሆኖ ሠራተኞቹ የሚከተሏቸው ሰዎች ጽሑፍና ሥዕል ቅጂው በሰርቨሩ ላይ እንደሚከማች ማወቅና ጠበቃ ማማከር ያስፈልጋል።

እኛ ያደረግነው ከዚህ ያነሰ ነው። አሠሪዬ በድርጅቱ ስም የዶሜን ስም አስመዝግበዋል፤ የማሳደሻው ቀንም ከንግድ ፈቃዱ ማሳደሻ ቀን ጋር በግድግዳው የቀን መቍጠሪያ ላይ ተጽፏል። የቀድሞው ትልቅ ገጽ አልተዘጋም፤ ደንበኛው ገና በዚያ ነውና። በማስቶዶን በከፈትነው ገጽ በኩል ማኅደሩን ማውረድ የሚፈቀደው በሰባት ቀን አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አወርደውና ፈቃደኛ ከሆኑት ደንበኞች የስልክ መዝገብ ጋር ከቼኮቹ አጠገብ ካዝና ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።