ሌሊት የሚባንን አባወራ፦ የቀድሞ ወታደሮች፣ ትዝታና ትዳር

በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ እንደ ወባና እንደ ተቅማጥ በድምፅ ማጉያ የሚነገርለት አይደለም። በየቤታችን ግን እናውቀዋለን። ጦር ሜዳ ውለው የተረፉ፣ ዛሬ የልጆች አባት የሆኑ፣ ቀን ደህና መስለው የሚውሉ፣ ሌሊት ግን የሚባንኑ ሰዎች ጉዳይ ነው። በካምፓችን ከኢትዮጵያ፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኮንጎና ከብሩንዲ የመጡ፣ በአንድ ወቅት መሣሪያ ይዘው የነበሩና ያን ሕይወት ትተው የተሰደዱ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ ስለዚያ ዘመን አያወሩም። ሚስቶቻቸውም አያወሩም።

ለማሳያ የአንድ ኢትዮጵያዊ የቀድሞ ወታደር ታሪክ እናቀርባለን። ጎረቤቶቻቸው በማዕረጋቸው «ሃምሳ አለቃ» ስለሚሏቸው እኛም በዚሁ እንጠራቸዋለን። ስማቸውን፣ የሚኖሩበትን ብሎክና የልጆቻቸውን ቁጥር ሆን ብለን ትተናል። እሳቸውም ባለቤታቸውም ይጻፍ ብለው ፈቅደዋል።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በ1990 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በባድመ ሲጀመር ሃምሳ አለቃ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበሩ። በመጋቢት 1991 ዓ.ም. ጾሮና ግንባር ላይ ነበሩ። በዚያ ግንባር ሰው ከምሽግ ወደ ምሽግ በግልጥ ሜዳ ይሮጥ እንደነበርና ከባድ መሣሪያው ሌትም ቀንም አያርፍም እንደነበር ይናገራሉ። ከዚያ በላይ አይጨምሩም። ውጊያው በሰኔ 1992 ዓ.ም. ቆመ፤ የአልጀርሱ ስምምነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ተፈረመ። ሁለቱ መንግሥታት የጦርነቱ ሁኔታ አበቃ ብለው በአስመራ ያወጁት ግን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። ሃምሳ አለቃ ያን ቀን ዜናውን በሬዲዮ ሰምተው ሬዲዮውን ዘጉት። ጎረቤት ሲጨፍር እሳቸው በር ዘግተው ተኙ፤ ባለቤታቸው ምክንያቱን መጠየቅ እንኳ ፈሩ።

የሚያባንናቸው ምን እንደሆነ ስንጠይቅ ብዙዎቻችሁ እንደምትገምቱት የጥይት ድምፅ ይሉናል ብለን ነበር። እርግጥ የቆርቆሮ በር በነፋስ ተወርውሮ ሲዘጋ፣ ልጆች የፕላስቲክ ጠርሙስ ረግጠው ሲያፈነዱ ይበረግጋሉ። የባሰው ግን ሽታ ነው። በድርቅ ወቅት በላጋው ዳር የሞተ ፍየል ወይም አህያ ሲሸት ሰውነታቸው በላብ ይጠመቃል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ምግብም አይወርድላቸውም። ከሙቀቱ፣ ከአቧራውና ከዝንቡ ጋር ሆኖ ያ ሽታ ወደ ምሽጉ ይመልሳቸዋል። «አስታውሼው አይደለም፤ እዚያው ነኝ» ነው ያሉን። አንድ የጤና ባለሙያ በሽታውን ሲያስረዳ ከዚህ የተሻለ አባባል አያገኝም።

በሽታው ከአሰቃቂ ሁኔታ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ነው። በጤና ጣቢያ ካርድ ላይ «ፒ ቲ ኤስ ዲ» ተብሎ ተጽፎ ታዩት ይሆናል። ዋና ዋና ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ያለፈው ነገር አሁን እንደሚሆን ሆኖ መመለሱ ነው፤ በቅዠት ወይም በቀን በቁም። ሁለተኛው ያን የሚያስታውስ ቦታን፣ ሰውንና ወሬን መሸሽ ነው። ሦስተኛው አደጋ ሁልጊዜ ከበር ውጭ እንዳለ ተሰምቶ ዘብ እንደቆሙ መኖር ነው። እነዚህ ለሳምንታት ዘልቀው ሰውየው ሥራውን፣ ትዳሩን፣ ማኅበራዊ ኑሮውን ሲያበላሹበት በሽታ እንላቸዋለን። በጦርነት ያለፈ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ብዙዎች ጥቂት ወራት ተጨንቀው በራሳቸው ይሻላቸዋል። የማይሻላቸውም ፈሪ ስለሆኑ ወይም እምነታቸው ስለጎደለ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስንት ወታደር እንዲህ ሲንቀጠቀጥ ፈሪ ተብሎ ተወቅሷል! ሐኪሞች በሽታውን ዛሬ በሚታወቅበት ስም በምርመራ መጽሐፋቸው ያስገቡት እንኳ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት እንዳስታወቀው ግጭት በደረሰባቸው አካባቢዎች ከ5 ሰዎች 1 ያህሉ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አለበት። ይህ የመንፈስ ጭንቀትንና ሌሎቹንም ጨምሮ ነው።

የአሠራሩን ነገር በአጭሩ እንዲህ እናስረዳ። በአንጎላችን ውስጥ እንደ ማንቂያ ደወል የሚያገለግል ክፍል አለ። አደጋ ሲመጣ ልብን ያስሮጣል፣ ጡንቻን ይወጥራል፣ እንቅልፍን ያባርራል። ምሽግ ውስጥ ላለ ሰው ይህ ሕይወት አድን ነው። የታመመው ሰው ደወል ግን በፍየል ሽታም ይጮኻል። ለዚህ ነው «እርሳው፣ አልፏል» የሚለው የእኛ ምክር የማይጠቅመው። ሰውየው መርሳት አቅቶት እንጂ ሳይፈልግ ቀርቶ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታቸው እንግባ፤ ነገሩ ሁሉ የሚከብደው እዚያ ነውና።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሌሊት ትንሹ ልጅ ትኩሳት ያዘው። ባለቤታቸው ሊቀሰቅሷቸው በጨለማ ትከሻቸውን ነካ አደረጉ። ሃምሳ አለቃ ተፈናጥረው ተነሡና አንገታቸውን አንቀው ከግድግዳ ጋር አጣበቋቸው። ትልቋ ልጅ ጮኻ ስማቸውን ስትጠራ ነው የነቁት። ከዚያ በኋላ ጎህ እስኪቀድ ውጭ ተቀምጠው አለቀሱ። ወይዘሮዋ በካኩማ ሙቀት ለአንድ ሳምንት ያህል ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ውኃ ቀዱ፣ ራሽን ተሰለፉ። ለማንም አልተናገሩም። ከልጆቹ ጋር በሌላኛው ክፍል መተኛት ጀመሩ፤ ሃምሳ አለቃ ደግሞ ተጠላሁ ብለው አረቄና ጫት አዘወተሩ። ትልቋ ልጅ ትምህርቷን ሰነፈች። ትንሹ ልጅ በሰባት ዓመቱ ፍራሽ ማርጠብ ጀመረ።

ቤተሰቡ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣው በሃምሳ አለቃ ሕመም አይደለም። ወይዘሮዋ ራስ ምታትና ጨጓራ ብለው ሁለት ጊዜ መጥተው የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷቸው ተመለሱ። በሦስተኛው አንዲት በጎ ፈቃደኛ «እንቅልፍ እንዴት ነው እቴ?» ብላ ጠየቀቻቸው። አለቀሱ። በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ ይህችን ጥያቄ ያዙልን። «ቤትዎ ውስጥ በሽታ አለ?» ብትሉ የለም ይሏችኋል፤ ስለ እንቅልፍ ግን ሰው ሁሉ ይናገራል።

ሃምሳ አለቃን ማምጣት አራት ወር ፈጀ። «እኔ እብድ አይደለሁም» ነበር መልሳቸው። መጨረሻ ላይ የመጡት ለጆሯቸው ነው። ስንመረምራቸው በከባድ መሣሪያ ድምፅ የተነሣ የግራ ጆሯቸው ክፉኛ ደክሟል፤ ቀኝ ጆሯቸው ሁልጊዜ ይጮኻል። ባለቤታቸው ለዓመታት «ሳናግረው ይንቀኛል» ይሉ የነበረው ግማሹ ምክንያት ይህ ሆኖ ተገኘ! እንደዚህ ያለ ነገር በምርመራ መለየቱ ብዙ ጥል ያስቀራል። የቀድሞ ወታደር ቤታችሁ ካለ ጆሮውን አስመርምሩ። ሲያናግሩትም ከፊት ለፊት ይሁን።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ በግልጽ መናገር አለብን። በእንቅልፍ ልብ የተደረገና ነቅተው ሚስትን መምታት አንድ አይደሉም። የጦርነት ትዝታ በቀን ለሚወረወር ቡጢ ፈቃድ አይሆንም። ሽማግሌዎቻችን አንዳንድ ጊዜ «ምን ያድርግ፣ ጦርነት ያየ ሰው ነው፣ ቻይው» ሲሉ እንሰማለን። ይህ ምክር አንድ ቀን ሰው ያስገድላል። የሚስትና የልጆች ደኅንነት ይቀድማል፤ ሕክምናው ከዚያ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ወይዘሮዋ በሌላ ክፍል መተኛታቸው ትክክል እንደነበር ነግረናቸዋል፤ ለባላቸውም ምክንያቱ ጥላቻ ሳይሆን ፍርሃት መሆኑን ፊት ለፊት አስረድተናል።

ሌሊት የሚባንንን ሰው ስለመቀስቀስ ይህን እወቁ። አትንኩት፣ አትነቅንቁት፣ ላዩ ላይ አታጎንብሱ። ራቅ ብላችሁ፣ ከተቻለ ከእግሩ በኩል ቆማችሁ፣ ባትሪ ወይም ኩራዝ አብርታችሁ በስሙ ጥሩት። ሲነቃ የት እንዳለ ንገሩት፦ «ካኩማ ነህ፣ ቤትህ ነህ፣ እኔ ነኝ» በሉት። እሱ ደግሞ እግሩን መሬት ላይ ያሳርፍ፣ ዓይኑን ከፍቶ በቤቱ ያሉትን አምስት ነገሮች በስም ይጥራ፣ ትንፋሹን በቀስታ ወደ ውጭ ያስረዝም። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አእምሮን ካለፈው ቦታ ወደ ዛሬው ቤት የሚመልስ ነው። ስለት ያለው ነገር ከመኝታ አጠገብ አይቀመጥ።

አረቄ ያስተኛል የሚሉ አሉ። ሰውን ይጥለዋል እንጂ የጤና እንቅልፍ አይሰጥም፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቅዠቱን ያብሰዋል። ጫት (እዚህ ሚራ የምንለው) እንቅልፍን ነቅሎ ያባርራል፤ ጥርጣሬንም ያበዛል። ሃምሳ አለቃ ከሁለቱም ሌላ ከሱቅ የተገዛ ዲያዜፓም ይውጡ ነበር። ይህ መድኃኒት ለዚህ በሽታ አይመከርም፤ ሱስ ያስይዛል። የለመደው ሰው ግን በድንገት ማቆም የለበትም። ድንገት ሲቋረጥ የሚጥል በሽታ ሊያስነሣ ስለሚችል ከባለሙያ ጋር ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ፍሎክሰቲንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ለአንዳንዱ ሕመምተኛ ይታዘዛሉ፤ ሥራቸው እስኪታይ ግን ሳምንታት ይወስዳል፤ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መጣል አይገባም።

ጸበልን በተመለከተ ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ። ሰው ከሰው ጋር ሆኖ ሲጸልይ ብቸኝነቱ ይቀልላል፤ ይህ ራሱ ጥቅም ነው። የምንለምነው የታዘዘውን መድኃኒት አታቋርጡ፣ ሕመምተኛውን አትሠሩ፣ አትግረፉ የሚለውን ብቻ ነው።

ዋናው ሕክምና ንግግር ነው። ንግግር ስንል ሰውየውን ይዞ «ያየኸውን ሁሉ ዘርግፍ» ማለት አይደለም፤ እንዲያ ማስገደድ ይጎዳል። በደንብ የሠለጠነ ሰው ሕይወቱን ከልጅነቱ ጀምሮ በተራ እያስነገረ፣ ክፉው ቀን ላይ ሲደርስ በዝግታ እያሳለፈ፣ ታሪኩ መጀመሪያና መጨረሻ እንዲኖረው ያደርጋል። ይህ በትረካ የሚሰጥ ሕክምና በምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች መካከል ተሞክሯል። በኡጋንዳ ናኪቫሌ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት ሕክምናውን ለሩዋንዳና ለሶማሊያ ስደተኞች የሰጡት ሐኪሞች አልነበሩም፤ የሠለጠኑ፣ ራሳቸውም ከስደተኛው መካከል የተመረጡ አማካሪዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ታካሚዎች ከወራት በኋላ የበሽታው ደረጃ ላይ አልነበሩም። ለበጎ ፈቃደኞቻችን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሥልጠናና ተቆጣጣሪ ባለሙያ እንደሚያስፈልገው ሳይዘነጋ።

ሃምሳ አለቃ አሥር ጊዜ ያህል መጥተው ተቀምጠዋል። አራተኛው ላይ ተነሥተው ወጡ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሳቸው ተመለሱ። አጠገባቸው የወደቀ ጓደኛ ነበራቸው፤ ሬሳውን ሳያነሡ አፈግፍገዋል። ለሃያ ዓመት ከራሳቸው ጋር የተሟገቱበት ይህ ነው። ለባለቤታቸው የነገሩት በቅርቡ ነው። «እኔን የጠላኝ መስሎኝ ስንት ዓመት» አሉ ወይዘሮዋ፤ ሌላ አላሉም።

አሁንም ሙሉ በሙሉ ድነዋል አንልም። ሠርግ ቤት ሲጠሩ በር አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ከኋላቸው ሰው እንዲያልፍ አይፈልጉም። አረቄውን ትተዋል፤ ጫቱን አልተዉም። ቅዠቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ይመጣል፤ ቀድሞ ግን በየሌሊቱ ነበር። ባልና ሚስት ዛሬም በተለያየ ክፍል ነው የሚተኙት፤ መቼ እንደሚቀየር የሚወስኑት ወይዘሮዋ ናቸው፤ በዚህም ተስማምተዋል። ለልጆቹ አባታቸው ጦርነት ላይ እንደነበሩ፣ የሚያስጮኻቸው ሕመም እንደሆነና የልጆቹ ጥፋት እንዳልሆነ በሚገባቸው ቋንቋ ተነግሯቸዋል። ልጆች ካልተነገራቸው ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ያዞራሉ። ትንሹ ልጅ ፍራሹን ማርጠቡን አቁሟል።

በጤና ጣቢያ ስለ አእምሮ ጤና ስትመጡ ምስጢራችሁ ይጠበቃል፤ ከቤተሰብ መካከል ማንኛውም ሰው ቀድሞ መምጣት ይችላል፤ ታማሚው እስኪፈቅድ መጠበቅ የለባችሁም። ሰውየው መኖር አስጠላኝ ማለት ከጀመረ፣ ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ፣ ወይም ራሱን ይጎዳል ብላችሁ ከሰጋችሁ «ራስህን ለመግደል አስበሃል?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብቻውን አትተዉት፣ ገመድ፣ ስለትና መድኃኒት ከአጠገቡ አርቁ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ኑ።