የትኛው መድኃኒት ይሠራል? የጥቁር አንበሳ የባክቴሪያ አጥኚዎች

እ.ኤ.አ. በ1990 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የዓለም ጤና ድርጅት ቡለቲን ሁለት የማይቀራረቡ ከተሞችን በአንድ ጽሑፍ ጎን ለጎን አቆመ፤ አዲስ አበባንና ስቶክሆልምን። ንጽጽሩ የተሠራው ሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከያዛቸው ሕሙማን በተወሰደ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ላይ ነበር። ባክቴሪያው ኢ. ኮላይ ይባላል። ጥያቄውም ይኸው ጀርም እዚህና እዚያ ለየትኛው መድኃኒት ይረታል፣ ለየትኛውስ አይረታም የሚል ነበር። ከጥናቱ ባለቤቶች አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ማይክሮባዮሎጂን ያጠኑና ያስተማሩ መሰለ ገደቡ ናቸው። ውጤቱ ለእኛ ከተማ የሚያስደስት አልነበረም። በብዛት የሚታዘዙትን የቆዩ አንቲባዮቲኮች የመቋቋሙ ነገር በአዲስ አበባው ጀርም ላይ ጎልቶ ታየ።

ብዙ መድኃኒት የሚገዛ ሀብታም አገር ብዙ መድኃኒት የለመደ ጀርም ይኖረዋል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አልሆነም። ጀርምን የሚያስተምረው የመድኃኒቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ አወሳሰዱም ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ፣ ሻል ሲል የተቋረጠ፣ ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን ባክቴሪያውን ሳይገድል መድኃኒቱን ያስተዋውቀዋል። ከተማው ውስጥ ያሉት የመድኃኒት ዓይነቶች ጥቂት ሲሆኑ ደግሞ ሁሉም ሰው እነዚያኑ ይደጋግማል።

መሰለ ገደቡና ሌሎች የባክቴሪያ አጥኚዎች የሠሩበት ቦታ ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ፣ በዛምቢያ መንገድ፣ የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የሕክምና ትምህርት ቤቱ ይገኛሉ። ከየክልሉ በሪፈር የሚመጣው ሕመምተኛ ብዙ ነው። ሌላ ቦታ ታክሞ ያልዳነው፣ ሁለትና ሦስት ዓይነት አንቲባዮቲክ ጨርሶ የመጣው ሁሉ በዚህ በር ይገባል። ለባክቴሪያ ተመራማሪ ከዚህ የሚከብድ፣ ደግሞም ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር የሥራ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

የመሰለ ገደቡ የምርምር መንገድ በሽንት አልጀመረም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያወጧቸው ጽሑፎች ተቅማጥና ትኩሳት ስለሚያስከትሉት ሳልሞኔላና ሺጌላ ነበሩ። በአዲስ አበባ የተገኙት እነዚህ ጀርሞች መድኃኒት መልመዳቸውን መመዝገብ ብቻ ሳይሆን፣ ልማዱን ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው የሚያሻግረውንም ነገር ፈለጉ። ይህ ነገር ፕላዝሚድ ይባላል፤ ባክቴሪያው ከዋናው የዘር ቅንጣቱ ውጪ የሚይዘው፣ ለጎረቤቱም ሊያካፍለው የሚችል ትንሽ የዲ.ኤን.ኤ. ቀለበት ነው። አንድ ፕላዝሚድ ለብዙ መድኃኒቶች የሚሆን መከላከያ በአንድ ጊዜ ሊሸከም ይችላል። ቀጥለው ከሐኪሙ እያሱ ሀብተገብርና ከስዊድናዊው ማይክሮባዮሎጂስት ዮራን ክሮንቫል ጋር በመሆን፣ በጥቁር አንበሳ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ሳሉ የሚይዛቸውን ኢንፌክሽን አጠኑ፤ ይህም በ1988 ታተመ። የሽንቱ ጥናት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አካሄዱ ትክክል ነበር እላለሁ። ኢ. ኮላይ መኖሪያው አንጀት ነው፤ መድኃኒት መቋቋምንም እዚያው አንጀት ውስጥ ካሉት ጎረቤቶቹ ይማራል፤ በሆስፒታል ደግሞ ለሽንት በሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ በካቴተር በኩል፣ ወደ ፊኛ የሚወጣበት መንገድ ይከፈትለታል።

ከሆስፒታል ውጪ ያለው ሰው እንዴት ይያዛል? ሲሸኑ ሲያቃጥልና ሲያጣድፍ ብዙዎቻችን «ብርድ ነው» እንላለን። ተልባ ይመታል፣ ሙቅ ነገር ይጠጣል። ፈሳሽ መጠጣቱ አይከፋም፤ በሽታውን የሚያመጣው ግን ከገዛ አንጀታችን የወጣው ባክቴሪያ ነው። ኢ. ኮላይን እ.ኤ.አ. በ1885 በሕፃናት ዓይነ ምድር ውስጥ አግኝቶ የገለጸው ቴዎዶር ኤሸሪክ የተባለ ሐኪም ነበር። ሴቶችን ይበልጥ የሚያጠቃበት ምክንያት የሰውነት አሠራር ነው። የሴት የሽንት መውጫ ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን የወንዱ ወደ 20 ይጠጋል። ከሴቶች ግማሽ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይህ በሽታ ይይዛቸዋል።

ሽንት ራሱ ባክቴሪያውን አጥቦ ሊያወጣው ይገባ ነበር። የማይወጣው በገላው ላይ ካሉት ቀጫጭን ፀጉር መሰል ነገሮች የተነሣ ነው። ጫፋቸው ላይ ያለው ፕሮቲን የፊኛን ግድግዳ እንደ ጭንጎጊት ይይዛል። ከዚያም አልፎ በ2003 የአሜሪካው ስኮት ሀልትግሬን ቡድን በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ባክቴሪያው ወደ ፊኛው ሕዋሳት ውስጥ ዘልቆ በመቶና በሺሕ እየሆነ እንደሚሰባሰብ አሳየ። መድኃኒቱን ጨርሰው፣ ደህና ነኝ ብለው፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ማቃጠሉ የሚመለስባቸው ሴቶች «ምን አድርጌ ነው?» ብለው ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ጀርሙ መደበቂያ አለው።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው እንግባ። ተራው የሽንት ምርመራ በአጉሊ መነጽርና በቀለም ወረቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል፤ ኢንፌክሽን ስለመኖሩ ፍንጭ ይሰጣል። የትኛው ጀርም እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ግን አይነግርም። ይህን የሚነግረው ካልቸር የሚባለው፣ ባክቴሪያውን አሳድጎ የማየት ሥራ ነው። ሕመምተኛዋ ታጥባ፣ የመጀመሪያውን ሽንት አፍስሳ፣ የመካከለኛውን በንጹሕ ዕቃ ታመጣለች። ናሙናው በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተሠራ ማቀዝቀዣ ውስጥ መግባት አለበት፤ ኢ. ኮላይ ሲመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ስለሚሆን፣ የዘገየ ናሙና ጤነኛዋን ሴት ታማሚ ያስመስላታል።

ባለሙያው የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሺሕኛ በምትይዝ ቀለበት ሽንቱን ጨልፎ፣ በሳህን ውስጥ በረጋ የባክቴሪያ ምግብ ላይ ይቀባል። ምግቡ አጋር ከሚባል የባሕር አረም ውጤት የሚሠራ ሲሆን አንዳንዱ የበግ ደም ይጨመርበታል። ሳህኑ ማሞቂያ ውስጥ በሰውነት ሙቀት መጠን ሙሉ ሌሊት ያድራል። በማግስቱ እያንዳንዱ ባክቴሪያ ተራብቶ በዓይን የሚታይ ነጥብ ሆኗል። 100 ነጥብ ከተቆጠረ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ 100,000 ባክቴሪያ ነበር ማለት ነው። ይህን ቁጥር የኢንፌክሽን መለያ ያደረገው በ1950ዎቹ በቦስተን የሠራው ኤድዋርድ ካስ ነው፤ ከዚያ በታችም ሕመም ሊኖር እንደሚችል ኋላ ቢታወቅም፣ መስፈርቱ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ማኮንኪ በሚባለው ምግብ ላይ ኢ. ኮላይ ሮዝ ሆኖ ይበቅላል፤ ክሌብሴላ የተባለው ሌላ ባክቴሪያ የሚያዝለገልግ ነጠብጣብ ይሠራል፤ ፕሮቲየስ የተባለው ደግሞ በደም አጋር ላይ ሳህኑን በሞገድ መልክ ይሸፍነዋል።

ከዚያ በኋላ ነው የመድኃኒቱ ፈተና የሚመጣው። ባክቴሪያው በአዲስ ሳህን ላይ ይቀባና አንቲባዮቲክ የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ይቀመጡበታል። በማግስቱ መድኃኒቱ በሠራበት ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል፤ ባለሙያው በማስመሪያ ይለካዋል። ለምሳሌ አምፒሲሊን ለተባለው አንቲባዮቲክ 17 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል፤ 13ና ከዚያ በታች ከሆነ አይሠራም። የአንዲት እናት ትክክለኛ ሕክምና በ4 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይወሰናል። በዚህ መሃል መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ቢቀዘቅዝ፣ ወይም ወረቀቶቹ በአቀማመጥ ጉድለት ኃይላቸውን ቢያጡ ልኬቱ ይሳሳታል። ስለዚህ ባሕርዩ በሚታወቅ መፈተኛ ባክቴሪያ ሥራውን ደጋግሞ ማረጋገጥ ግድ ነው። የማይክሮባዮሎጂስት የምርምር ሕይወት እንዲህ ባለው ልኬት የተሞላ ነው፤ አድካሚነቱን አይቶ የሚያመሰግነው ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

የትኛው መድኃኒት ይሠራል የሚለው ጥያቄ አንዴ ተመልሶ የሚያበቃ አይደለም፤ ጀርሙ ይለወጣል። በ1997 ተመራማሪው ዳዊት ወልዳይ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር፣ በጥቁር አንበሳ ከሽንት የሚገኙ ባክቴሪያዎች መድኃኒት መቋቋማቸው እየጨመረ መሆኑን በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ጻፉ። በ1998 ሰሎሞን ገብረሥላሴ ነፍሰ ጡሮች ላይ ምልክት ሳያሳይ ስለሚቀመጠው የሽንት ባክቴሪያ ጻፉ። በ2008 ደግሞ ዳንኤል አስራትና ይምጡበዝናሽ ወልደአማኑኤል ያሉበት ቡድን እዚያው ጥቁር አንበሳ ነፍሰ ጡሮችን መርምሮ ያገኘውን አሳተመ።

ነፍሰ ጡሮች ላይ ደጋግመው የተመለሱት በምክንያት ነው። በእርግዝና ወቅት ማሕፀን ከኩላሊት የሚወርዱትን ቱቦዎች ይጫናል፣ ሆርሞንም ያላላቸዋል፤ ሽንት ቶሎ አይወርድም። ምንም ሳያቃጥላት ባክቴሪያውን የተሸከመች እናት ካልታከመች ወደ ኩላሊት ሊወጣባት፣ ምጧም ያለጊዜው ሊመጣ ይችላል። በ2011 በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል 385 ነፍሰ ጡሮች ሲመረመሩ ከ100ው 10 ያህሉ ባክቴሪያው ተገኝቶባቸዋል፤ ከጀርሞቹም ግማሽ የሚጠጋው ያው ኢ. ኮላይ ነበር።

በ2019 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት ነገሩ የደረሰበትን ያሳያል። ከተለያዩ ናሙናዎች፣ ከሁሉም በላይ ከሽንት፣ ከተገኙት የኢ. ኮላይ ቤተሰብ ባክቴሪያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንደ ሴፍትሪያክሶን ያሉትን የመርፌ መድኃኒቶች የሚሰብር ኤንዛይም ያመርታሉ። ሴፍትሪያክሶን በየጤና ተቋማችን ለከባድ ሕመም የሚወጋው መድኃኒት ነው። በ2017 የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የመድኃኒት መላመድን በአገር ደረጃ የሚከታተል ሥራ ጀምሯል፤ መሰለ ገደቡና ተከታዮቻቸው በግል ትጋት ሲመዘግቡት የኖሩት ነገር የመንግሥት ሥራ መሆኑ ዘገየ እንጂ ተገቢ ነው። ካልቸር የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች ግን ከትልልቅ ሆስፒታሎች ውጪ ዛሬም ጥቂት ናቸው። ለአንድ ጤና ጣቢያ ሕንፃ ሲታሰብ ለዚህ ክፍልም ቦታና በጀት ሊታሰብለት ይገባል።

አንባቢ ሆይ፣ ሽንትዎ ቢያቃጥልዎ መድኃኒት ቤት ከመሄድዎ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሕመሙ የተመለሰብዎ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ትኩሳትና የጎን ውጋት ካለብዎ ካልቸር ይሠራልኝ ብለው ይጠይቁ፤ ናሙናውንም የመጀመሪያውን ኪኒን ከመዋጥዎ በፊት ይስጡ።