አሮጌ የጭነት ጀልባ ገዝታችሁ ልትኖሩበት ካሰባችሁ
በአምስተርዳም ቦዮች ላይ ዛሬ ሰው የሚኖርባቸው ብዙ አሮጌ ጀልባዎች ድሮ ጭነት ያመላልሱ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቤት እጥረት ሲበረታ፣ ከሥራ የወጡት መኖሪያ ሆኑ። አንዱን ለመግዛት ስታስቡ እባካችሁ ወጥ ቤቱን ብቻ አይታችሁ ዋጋ አትቁረጡ።

መጀመሪያ ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ሆዱ ይታጠብ። ባለሙያው ላሜራውን በመዶሻ መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል፤ ቀጥሎ ውፍረቱን በአልትራሳውንድ ይለካል። መድን ሰጪዎች ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ይጠይቃሉ። ከዚያ የሳሳው ላይ አዲስ ላሜራ ይበየዳል።

እኔ አብዝቼ የምፈራው ከውስጥ የሚበላውን ዝገት ነው። በብርድ ወራት ትንፋሻችሁና የድስቱ እንፋሎት ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ ወርዶም ወለሉ ሥር ይተኛል። ስለዚህ ወለሉ በቀላሉ የሚነሳ ይሁን። ተቸንክሮ የታሸገ ወለል በፍጹም አልመክርም።

በየጥቂት ዓመቱ ጀልባው ወጥቶ ሬንጅ ወይም ኢፖክሲ ይቀባል። በሆዱ ብረት ፈንታ እንዲበሉ የሚታሰሩት ቁራጮችም ይቀየራሉ፦ ለባሕር ዚንክ፣ ጨው ለሌለው ውሃ ማግኒዚየም። ከየብስ ኤሌክትሪክ የምትስቡ ከሆነ ደግሞ፣ በመሬት ሽቦው በኩል ከጎረቤት ጀልባዎች ጋር ስለምትያያዙ፣ ብረታችሁ እንዳይበላ ጋልቫኒክ አይሶሌተር አስገጥሙ።