ዝቅ ብሎም ያልተገኘ ሥራ

ሐዋሳ ውስጥ ስለ ተመራቂ ሥራ አጦች ወሬ ሲነሣ አንድ ወቀሳ ሳይጠሩት ይመጣል፤ «ሥራማ ሞልቷል፣ የዘንድሮ ልጅ ሥራ ይንቃል እንጂ።» ባለሥልጣኑ በስብሰባ ላይ ይለዋል፣ አባት በእራት ሰዓት ይለዋል፣ የሆቴል ባለቤቱም ይለዋል። ይኸው የሆቴል ባለቤት ግን በማግስቱ ለአስተናጋጅነት የመጣችውን የአካውንቲንግ ምሩቅ ማስረጃዋን አገላብጦ «አንቺ እኮ እዚህ አትቆዪም» ብሎ ይሸኛታል። ሁለቱም ንግግር ከአንድ አፍ ነው የወጣው።

ከተማረበት በታች ያለ ሥራ የሚፈልግ ሰው ዋና እንቅፋቱ ኩራት ነው የሚለውን አልቀበልም። ኩራት የለም ማለቴ አይደለም፤ እደርስበታለሁ። ከኩራቱ በፊት ግን ቀጣሪው እንዳይቀጥረው፣ እሱም ቢቀጠር እንዳይቆይ የሚያደርግ ስሌት አለ። ስሌቱ ደግሞ በሁለቱም ወገን ሞኝነት የለበትም።

ነገሩ ያረጀ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ 12ኛ ክፍል ጨርሰው ሥራ ያጡ ወጣቶች በየከተማው መብዛታቸው የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት አሳስቦት ነበር። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ጥናት፣ በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» የሚባለው፣ አብዛኛው ልጅ 4 ዓመት ያህል መሠረታዊ ትምህርት ቀስሞ ወደ እርሻና ወደ እጅ ሥራ እንዲሰማራ ሐሳብ አቀረበ። ወላጅ ተቆጣ፤ የድሃ ልጅ ድሃ ሆኖ እንዲቀር ነው ተባለ። መምህራን በየካቲት 1966 ሥራ ሲያቆሙ ከተቃወሟቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ሰነድ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት የተማረውን ሥራ ማጣት በተጨማሪ ትምህርት ሲመልሱ ቆይተዋል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሁለት ብቻ የነበሩት የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። በ1968 ዓ.ም. በእርሻ ኮሌጅነት የጀመረው የሐዋሳውም በ1992 ደቡብ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1998 ደግሞ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ሐዋሳ ደግሞ ከተመሠረተችበት ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ሥራ ያደገች ከተማ ናት። የሲዳሞ ዋና ከተማነትን ከይርጋለም ተረከበች፤ ኋላም ለ30 ዓመታት ግድም የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆነች። እዚህ ያደገ ልጅ ሥራ ሲባል የሚመጣለት የቢሮ ጠረጴዛ ቢሆን አይፈረድበትም፤ ያየው እሱን ነው። ከኅዳር 2012ቱ ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ሲዳማ ክልል ሲሆን ሐዋሳ የአዲሱ ክልል ከተማ ሆና ቀጠለች። በ2015 ደግሞ የቀድሞው ደቡብ ክልል ጨርሶ ፈረሰና ቢሮዎቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሆሳዕናና ሌሎች ከተሞች ተበተኑ። ሠራተኛው ዕቃውን ጭኖ ሄደ። አብረው የሄዱት የሥራ መደቦች ናቸው፤ የከተማው ምሩቅ ሲጠብቃቸው የኖሩት።

እና ለምን ይጠብቃል? መጠበቁ ስለሚያዋጣው። ኢኮኖሚስቱ ፒተር ሰርኔልስ በኢትዮጵያ ከተሞች ወጣት ወንዶች ሥራ አጥነት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት ሥራ አጥ ሆነው የሚቆዩት በአብዛኛው ሻል ያለ ትምህርት ያላቸው፣ የመጀመሪያ ሥራቸውን የሚፈልጉና ዓይናቸውን የመንግሥት ሥራ ላይ የጣሉ እንደሆኑ አሳይቷል። የጥበቃው አማካይ ጊዜ ወደ 4 ዓመት ይጠጋ ነበር። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ለግል ዘርፍ ግን የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደመወዙን የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይላል፤ አዋጁ ግን በራሱ ያስቀመጠው ቁጥር የለም። የመንግሥትና የግል ደመወዝ ሲራራቅ የመንግሥቱ ሰልፍ ላይ መቆም ስንፍና ሳይሆን ቁማር ይሆናል፤ ቁማሩም አንዳንዴ ይሳካል።

«ዝቅ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በህንዷ ኡታር ፕራዴሽ ግዛት ለ368 የመንግሥት የተላላኪነት ቦታዎች 2.3 ሚሊዮን ሰው አመልክቷል፤ 255ቱ የዶክትሬት ዲግሪ ነበራቸው። ሰዎቹ ሻይ ማመላለስን አልናቁም። የናቁት ነገ ያባርረኛል ብለው የሚፈሩትን የግል ቀጣሪ ነው።

በሐዋሳ የግል ቀጣሪ በአንድ ጊዜ ገዝፎ የታየው ሐምሌ 2008 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ነው። አንድ የቻይና የመንግሥት ኩባንያ በ9 ወር ገደማ ገንብቶ ያስረከበው፣ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ይህ ፓርክ 60,000 ሠራተኛ ይይዛል ተብሎ ታቀደ። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች ሌሎቹን አስከትሎ ገባ። ከተማው ደስ አለው፤ ሊለውም ይገባ ነበር።

ፓርኩ የፈለገው ግን ሌላ ሰው ነው። ምልመላው በየወረዳው ወርዶ፣ በአብዛኛው ከገጠር የሚመጡ ወጣት ሴቶችን መዝግቦ፣ የእጃቸውን ቅልጥፍና ፈትኖ ወደ ስፌት ማሽን ይልክ ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሪፖርት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር፣ በወቅቱ ምንዛሬ 750 ብር አካባቢ ነበር፤ በዓለም ልብስ ከሚሰፋባቸው አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። ከደመወዙ የሚበልጠው ቁጥር ሌላ ነው። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኛቸውን ሙሉ በሙሉ ይተኩ ነበር። ለተመራቂ ሊመጥን ይችል የነበረው መካከለኛ ቦታ፣ የመስመር ኃላፊነቱና የጥራት ቁጥጥሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በብዛት ከሲሪላንካና ከህንድ በመጡ ባለሙያዎች ተያዘ። ከላይ ተሞልቷል፤ ከታች ደግሞ በየወሩ እየፈሰሰ ነው።

መፍሰሱ የሐዋሳ ብቻ አይደለም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ወደ 1,000 የሚጠጉ አመልካቾችን በዕጣ ከፋፍለው ተከታትለዋል። ሥራው ከደረሳቸው ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በዓመቱ ውስጥ ለቀቁ። በአንጻሩ 300 ዶላር ገደማና አጭር ሥልጠና ተሰጥቷቸው የራሳቸውን ሥራ የጀመሩት በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በ33 በመቶ አደገ፤ ከ5 ዓመት በኋላ ሲታይ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል። የለቀቁት በአብዛኛው ባለዲግሪዎች እንዳልሆኑ ልብ ይሏል። በዚያ ዓይነቱ ሥራ ብዙው ሰው አይቆይም ነበር።

አሁን በቀጣሪው ወንበር እንቀመጥ። አንዲትን ልጅ ማሽን ላይ አስቀምጦ ምርቷ ደህና እስኪሆን ድረስ ሳምንታት ይከፈልላታል። ከመጡት ግማሾቹ እንደሚሄዱ የሚያውቅ የቅጥር ኃላፊ ዲግሪ የያዘች አመልካች ፊቱ ስትቆም የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ የባንክ ማስታወቂያ የወጣ ዕለት ይቺ የለችም። ይህ አስተሳሰብ አሜሪካ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ አሸንፏል። በኮኔቲከቷ ኒው ለንደን ከተማ ሮበርት ጆርዳን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1996 ለፖሊስነት ተፈትኖ 33 አመጣ። ከተማው ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ከ20 እስከ 27 ላመጡት ነበር፤ በጣም ብልህ የሆነ ሰው ሥራው ይሰለቸውና ሥልጠናውን በልቶ ይሄዳል ተብሎ። ጆርዳን ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም ለከተማው ፈረደ።

ፓርኩ ራሱም ቃሉን የሚጠብቅበት ጊዜ አጠረ። አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ አገደች፤ ፒቪኤችም እገዳው ከመጽናቱ በፊት ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ወጣ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የመጣ ውሳኔ ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ስለ ጦርነቱ ማንም ያላማከራቸው ሠራተኞች ናቸው። ከፓርኩ የወጡት ልጆች በሆቴሉ፣ በሱቁና በጀበና ቡናው ከምሩቃኑ ጋር አንድ ገበያ ውስጥ ገቡ። እነሱ ልምድ አላቸው።

በዚያው ጊዜ አካባቢ ሦስተኛ ወገን ተጨመረ። ሐምሌ 2015 ሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና እንዲወስድ ሲደረግ ካለፉት ያላለፉት በለጡ፤ ያለፉት 40 በመቶ ግድም ናቸው። አራት ዓመት ተምሮ ዲግሪ የሌለው ሰው ለቢሮው ወረቀት ይጎድለዋል፣ ለቀን ሥራው ደግሞ «የዩኒቨርሲቲ ልጅ» ነው። ዲግሪውን ያገኘውም ቢሆን ዋናውን ወረቀት በእጁ አይዝም፤ የወጪ መጋራት ዕዳውን እስኪጨርስ ጊዜያዊውን፣ ተመራቂዎች «ቴምፖ» የሚሉትን፣ ይዞ ይዞራል። ዕዳው ከደመወዝ እየተቆረጠ እንዲከፈል የታሰበ ስለሆነ፣ ደመወዙ በፔሮል ለማይጻፍለት የባጃጅ ሹፌር ነገሩ እንዲሁ ይንጠለጠላል።

አሁን ስለ ኩራቱ፣ ወይም ስለ ይሉኝታው። አንትሮፖሎጂስቱ ዳንኤል ሜይንስ ጅማ ላይ ከሥራ አጥ ወጣቶች ጋር ሰንብቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መጽሐፍ ወጣቶቹ በሰፈራቸው ሊሠሩት የሚያፍሩትን ሥራ ውጭ አገር ቢሆን ያለማመንታት እንደሚሠሩት ጽፏል። ዋሽንግተን ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት የሚቆርጠው ኢንጂነር የብዙዎቻችን ዘመድ ነው፤ እዚህ ሲመጣ ግን በግ ይታረድለታል። እናም ሰውየው የሚሸሸው ሥራውን ሳይሆን የሚያውቀውን ዓይን ነው። ሐዋሳ ትልቅ ከተማ ሆናለች ቢባልም ከፒያሳ እስከ ፍቅር ሐይቅ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ቢያንስ አንድ የእናቱን የዕድር ጓደኛ ሳይጭን አይውልም።

ዓይኑን የቻለም መንገዱን ላያውቀው ይችላል። የዝቅተኛው ሥራ ገበያ ማስታወቂያ አያወጣም። አስተናጋጅ፣ ጥበቃ፣ ካሸር፣ ጫኝና አውራጅ የሚገኘው በደላላ ወይም በሰው ነው፤ ገንዘብ የሚነካበት ከሆነ ዋስ ይጠየቃል። ምሩቁ ደግሞ ከ18 እስከ 22 ዓመቱ ድረስ፣ እኩዮቹ ይህን መረብ ሲዘረጉ፣ በምደባ ሌላ ክልል ዶርም ውስጥ ነበር። የሰበሰባቸው ጓደኞች እንደሱው ተመራቂዎች ናቸው፤ ሁሉም የሚያውቁት አንድ ዓይነት የቴሌግራም ቻናል ነው። ቀጣሪው ባለዲግሪ እንደሚፈራ ሲያውቅ ደግሞ ብዙው የሚያደርገው ዲግሪውን መደበቅ ነው። የ10ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ካርዱን ብቻ ያቀርባል፣ ለጠፉት ዓመታት «ቤተሰብ ሳግዝ ነበር» ይላል። ውሸቱ አይደንቀኝም፤ የሚደንቀኝ መማር የሚደበቅ ነገር መሆኑ ነው። በሕጉ ግን የአሠሪው ፍርሃት መላ የለውም አይባልም። አዋጅ 1156 እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ ለሥራው የማይስማማ ሠራተኛ በዚህ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ይሰናበታል። ችግሩ ሠራተኛውም በዚያው ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ መቻሉ ነው።

መንግሥት ዝም አላለም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በጀርመን ድጋፍ በየከተማው የተስፋፋው የኮብልስቶን ሥራ ተመራቂዎችንም አሳትፏል፤ ብዙ መንገድ ተነጠፈበት፣ ጥሩ ያገኙበትም አሉ፣ ስሙ ግን የዲግሪ መቀለጃ ሆኖ ቀረ። በ2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ መጣ፤ እሱ ደግሞ ተቀጣሪነትን ትቶ በቡድን ተደራጅቶ መበደርን ይጠይቃል።

ማንም ብዙ ያልነካው የመንግሥትና የባንክ ማስታወቂያ የሚጻፍበትን መንገድ ነው። «አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» የሚለው ሐረግ ምሩቁ ዝቅ ብሎ የሠራባቸውን ዓመታት ጠርጎ ያወጣቸዋል። የሆቴል ሒሳብ የያዘችበትን፣ የባጃጅ ገቢ የቆጠረበትን ዘመን በማኅተም ጽፎ የሚሰጥ የለም፤ ቢገኝም አይቆጠርም። ስለዚህ በ2013 የተመረቀና 4 ዓመት ሳይሠራ ያልዋለ ሰው በ2017 ከተመረቀው ጋር እኩል «ዜሮ ዓመት» ተብሎ ይመዘገባል። ለዜሮ ዓመት ከሚወጡት ማስታወቂያዎች ደግሞ አንዳንዶቹ «የ2016 እና የ2017 ተመራቂ» ብለው ስለሚጀምሩ፣ ሰውየው እዚያም ሰልፍ ላይ ለመቆም አይበቃም።