ሳይፈጸም የቀረው የሆላንድ የእግር ኳስ ውድድር
(በሬዲዮ የተነገረ)

በእግር ኳስ ሜዳ የተሸነፈ ቡድን ቢያዝንም ሽንፈቱን ይቀበላል። ዘጠና ደቂቃ ተጫውቶ፥ ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ፥ ውጤቱ በሕዝብ ፊት ታውቋልና። ነገር ግን ውድድሩ ከመፈጸሙ በፊት ቢቋረጥ፥ እስከዚያ ቀን ድረስ ሲመራ ለቆየው ቡድን ምን ይገባዋል? ይህ ከጨዋታ ያለፈ የሕግና የፍርድ ጥያቄ ነው። በሆላንድ አገር፥ በሁለተኛው ደረጃ በሚገኙት ክለቦች መካከል፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ተጀምሮ በ2020 የተቋረጠው የውድድር ዘመን ይህንኑ ጥያቄ አስነሥቶ ስለ ነበረ፥ ነገሩን ባጭሩ እናስረዳለን።

በሆላንድ የእግር ኳስ ተጫዋቾች በደመወዝ መጫወት የጀመሩት በ1954 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1956፥ ክለቦቹ በደረጃ ተመደቡ። የበላዩ ክፍል ኤረዲቪዚ ይባላል፤ ትርጓሜውም የክብር ዲቪዚዮን ማለት ነው። ከርሱ የሚቀጥለው ደግሞ ኤርስተ ዲቪዚ፥ ማለት አንደኛ ዲቪዚዮን፥ ተባለ። ስለዚህ ስሙ አንደኛ ቢሆንም ደረጃው ሁለተኛ መሆኑን አድማጭ ልብ ይሏል።

በምንናገርለት የውድድር ዘመን በዚህ ክፍል 20 ቡድኖች ነበሩ። እያንዳንዱ ቡድን ከሌሎቹ ጋር አንድ ጊዜ በሜዳው፥ አንድ ጊዜ በባላጋራው ሜዳ ስለሚገናኝ የግጥሚያው ቍጥር 38 ይሆናል። ያሸነፈ 3 ነጥብ፥ እኩል የወጣ 1 ነጥብ ያገኛል። በመጨረሻም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክለቦች በቀጥታ ወደ ክብር ዲቪዚዮን ይወጣሉ፤ ከዚያም የመጨረሻዎቹ ሁለት ይወርዳሉ። ከ20ዎቹ መካከል ግን እንደ አያክስ ያሉት ታላላቅ ክለቦች ወጣቶቻቸውን የሚያሠለጥኑባቸው ቡድኖች ይገኛሉ፤ እነዚህ ቢያሸንፉም ከፍ ለማለት አይፈቀድላቸውም። በ2018 የአያክስ ወጣቶች አንደኛ ሆነው ሳለ፥ በቀጥታ የወጣው ሁለተኛው ፎርቱና ሲታርድ መሆኑ ስለዚህ ነው። ወደ ላይ መውጣት ለአንድ ክለብ ክብር ብቻ አይደለም፤ ከቴሌቪዥንና ከተመልካች የሚገኘው ገቢም አብሮ ከፍ ይላል።

በማርች ወር 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ጨዋታውን ሲያስቆም፥ በሰሜን ከምትገኘው ከሌዋርደን ከተማ የመጣው ካምቡር 29 ግጥሚያ አድርጎ በ66 ነጥብ ይመራ ነበር። የዱቲንከም ከተማው ደ ኽራፍስኻፕ በ62 ነጥብ ተከትሎታል። ካምቡር ሦስተኛውን ቡድን በ11 ነጥብ ይበልጠው ነበር። ሆኖም 9 ግጥሚያ፥ ማለት ለእያንዳንዱ ቡድን 27 ነጥብ ሊገኝበት የሚችል ጨዋታ፥ ገና ቀርቶ ነበር። ስለዚህ መሪው ድሉን ሊያገኝ ተቃርቧል ማለት እንጂ አግኝቷል ማለት አይቻልም ነበር።

በኤፕሪል 21 መንግሥት እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ ግጥሚያ እንዳይደረግ ከለከለ። ንጉሣዊው የእግር ኳስ ማኅበርም የ34ቱን ክለቦች አሳብ ጠየቀ። መውጣትና መውረድ ይኑር ያሉት 16፥ አይኑር ያሉት 9፥ ወደ ሁለቱም ሳያደሉ የቀሩት 9 ሆኑ። ከዚህ ላይ ነው ክርክሩ የተነሣው። 16 ከ9 እንደሚበልጥ ግልጥ ነው፤ ነገር ግን 16 ከ34 እኩሌታ አይሞላም። ማኅበሩ በኤፕሪል 24 ማንም እንዳይወጣ፥ ማንም እንዳይወርድ፥ ለማንም የአሸናፊነት ስም እንዳይሰጥ ወሰነ። በክብር ዲቪዚዮን መጨረሻ ላይ የነበሩት አዶ ደን ሃግና አርካሴ ቫልቫይክ በዚሁ ዳኑ።

ካምቡርና ደ ኽራፍስኻፕ አቤቱታቸውን ለፍርድ ቤት አቀረቡ። በሜይ 14 በኡትረክት የተሰየመው ችሎት ማኅበሩ እንዲህ ያለ ውሳኔ ለመስጠት ይችላል ሲል የክለቦቹን ጥያቄ ሳይቀበለው ቀረ። በፈረንሳይ ግን በዚያው ወረርሽኝ ምክንያት ውድድሩ ሲቋረጥ ፓሪ ሳን ዠርማን አሸናፊ ተብሎ፥ አሚየንና ቱሉዝ ወርደዋል። አንድ ዓይነት መከራ በሁለት አገር ሁለት ዓይነት ፍርድ አስከተለ ማለት ነው።

የኋላው ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ካምቡር በቀጣዩ ዘመን 92 ነጥብ አግኝቶ አንደኛ በመሆን በ2021 ወጣ። ደ ኽራፍስኻፕ ግን በ77 ነጥብ ከጎ አሄድ ኢግልስ ጋር እኩል ሆኖ፥ በግብ ልዩነት ብቻ ሦስተኛ ሆነ፤ ሳይወጣም ቀረ። አዶ ደን ሃግ በ2021 የመጨረሻ ሆኖ ሲወርድ፥ አርካሴ ግን በቦታው ጸና። እንግዲህ ለአንዱ የዘገየው መብት ኋላ ተመለሰለት፤ ለሌላው አልተመለሰም። ጊዜ ሁሉን ይክሳል የሚለው አሳብ ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

ክቡራን አድማጮች፤ ማኅበሩ ክፉ አስቦ ነበር ለማለት አይደለም። ችግሩ፥ ውድድሩ ቢቋረጥ ምን ይደረጋል የሚለው ነገር አስቀድሞ ተለይቶ አለመወሰኑ ነው። ጥያቄው በቀረበ ጊዜ ግን እያንዳንዱ ክለብ በሰንጠረዡ ላይ ያለበትን ቦታ ያውቅ ነበር። ስለዚህም ብዙዎቹ የተጠየቁት ስለ ሕግ ሳይሆን ስለ ራሳቸው ጥቅም ነበር ማለት ይቻላል። በራሱ ጕዳይ ላይ ዳኛ የሚሆን ሰው፥ ቅን ቢሆን እንኳ፥ ፍርዱ ከመታማት አይድንም።

አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይላሉ። የድንገተኛ ነገር ደንብ መጻፍ ያለበት ማን እንደሚጠቀምበትና ማን እንደሚጐዳበት ገና ሳይታወቅ ነው። ያን ጊዜ የተጻፈውን የሚጐዳውም ሰው እንኳ ያከብረዋል። ይህም ነገር ለእግር ኳስ ሜዳ እንደሚሠራ ሁሉ፥ ደንብ ለሚያወጣና ደንብ ለሚያስፈጽም መሥሪያ ቤትም ይሠራል።