በቪዲዮ ካሜራ ሲቀረጽ የድምፅን መጠን ስለ መቆጣጠር

ማሾ በመስመር ሲዘራ፣ የሽንኩርት ችግኝ ሲዛወር ወይም ፀረ ተባይ መድኃኒት ሲበጠበጥ በቪዲዮ ቀርጾ ለገበሬዎች ማሳየት በአገራችን የታወቀ የኤክስቴንሽን ዘዴ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ2010ሮቹ መጀመሪያ ወዲህ ግብርና ሚኒስቴርና ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት፣ በአማራ ክልል ጭምር፣ ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተምሩባቸውን አጫጭር ፊልሞች በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር አሳይተዋል። ሥዕሉ ጥቂት ቢደበዝዝ ተመልካቹ ይታገሠዋል፤ ድምፁ ከተበላሸ ግን ትምህርቱ ይጠፋል። «ሰባት» እና «ሰባ» የሚሉትን ቃላት ማነጻጸር ይበቃል። የሚለያዩት በመጨረሻዋ «ት» ብቻ ነው። ይህችን ደካማ ድምፅ ነፋስ ወይም የውሃ ፓምፕ ከዋጣት፣ የመድኃኒቱ ልክ በ10 እጥፍ ተሳስቶ ማሳው ላይ ይደርሳል።

በዲጂታል ካሜራ የድምፅ መጠን የሚለካው በዴሲቤል ሲሆን፣ የመለኪያው ጣሪያ 0 ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በመቀነስ ምልክት ይጻፋል። ድምፁ ጣሪያውን ከነካ ጫፉ ይቆረጥና ይሰነጠቃል፤ ይህም በኋላ ሙሉ በሙሉ አይጠገንም። በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ለማሳየት ከፍ ሲደረግ የካሜራው ሹክሹክታ አብሮ ይነሣል። ስለዚህ የተለመደው ንግግር ከፍ ሲል -12 አካባቢ እንዲደርስ፣ ኃይለኛውም ከ-6 እንዳያልፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ለሙከራ ገበሬውን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ማሰኘት አይጠቅምም፤ ሰው ሲቆጥር ድምፁን ዝቅ ያደርጋልና። ይልቅ ስለ ሥራው ግማሽ ደቂቃ ያህል እንዲናገር፣ ቀጥሎም በሬዎቹን እንደሚጠራው ሆኖ እንዲጣራ ማድረግ ይበጃል።

አብዛኞቹ ካሜራዎች መጠኑን በራሱ የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ አላቸው። ተናጋሪው ዝም ሲል ይህ መሣሪያ ድምፁን ከፍ ስለሚያደርግ ነፋሱና የዶሮው ጩኸት ይጎላሉ። ጅራፍ ሲጮህ ደግሞ በድንገት ዝቅ ስለሚያደርግ ቀጥሎ የተነገረው ቃል ይጠፋል። በእጅ ማስተካከል የሚቻል ከሆነ በእጅ እንዲሆን እንመክራለን። ሆኖም በ19ኛው መቶ ዘመን ሲራራ ነጋዴዎች ይገናኙባት እንደነበረችው እንደ አሊዩ አምባ ባለ የገበያ ቦታ አንድ ሰው ብቻውን ሲቀርጽ፣ ሁካታው በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ በራሱ የሚሠራውን መጠቀም አይነቀፍም።

ከማንኛውም ቁልፍ የሚበልጠው መቆጣጠሪያ ርቀት ነው። ሜዳ ላይ በማይክሮፎኑና በአፍ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ የንግግሩ ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። ከ2 ሜትር ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ሲቀርብ 12 ዴሲቤል ይሆናል ማለት ነው፤ የሩቁ ፓምፕ ግን ባለበት ይቀራል። ቁልፉ ቢዞር ሁለቱም አብረው ይነሡ ነበር። በልብስ ላይ የሚሰካ ማይክሮፎን ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ይደረጋል፤ ጋቢ ወይም ነጠላ ከሸፈነው መፋተጉ ንግግሩን ያበላሻል። ካሜራ የያዘው የልማት ሠራተኛ ራሱ ለማይክሮፎኑ ስለሚቀርብ ጥያቄው ከመልሱ በላይ እንዳይጮህ ዝግ ብሎ መናገር ይገባዋል።

ነፋስን ግን መጠን በመቀነስ ማሸነፍ አይቻልም። ማይክሮፎኑን ጠጉራማ መሸፈኛ ማልበስ፣ ተናጋሪውን ጀርባውን ለነፋስ ማሰጠት፣ በአምባ ጫፍም ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ መቅረጽ ያስፈልጋል። በሸዋ ሮቢት የመስኖ ማሳዎች ፓምፑን ባለቤቱ ፈቅዶ ለጥቂት ደቂቃ ቢያጠፋው መልካም ነው። ካልሆነም ንግግሩን ራቅ ብሎ፣ ሥራውን ደግሞ ለብቻው መቅረጽ ይቻላል።

መለኪያው የድምፁን ብዛት እንጂ ጥራቱን አያሳይም፤ ለዚህ ጆሮ ያስፈልጋል። ለካሜራ ገንዘብ የመደበ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሁለተኛ ባትሪ በፊት ማይክሮፎንና የጆሮ ማዳመጫ ቢገዛ እንመርጣለን።

ልክ የሚነገርበትን ቦታ ገበሬው በጣቱ ወይም በመለኪያ ኩባያ እየቆጠረ እንዲያሳይ ይደረግ። ከማሳው ከመነሣት በፊትም የተቀረጸውን በቀረጻው ላይ ላልነበረ ሰው አሰምቶ ቁጥሩን መልሶ እንዲናገር መጠየቅ ነው። «ሰባት» የተባለውን «ሰባ» ብሎ ከመለሰ፣ ያ ክፍል እዚያው እንደገና ይቀረጻል።